ያበጠውን አስተኝተው ከሲታውን ለምን መለሱት?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ረሃቡ ከጠናብን ወዲህ ሁለት ልጆች ይዘን ሕክምና ሄድን። የእህቴ ልጅ ዓመት ከመንፈቁ ነው፤ ጎድኑ ይቆጠራል። እሱን የለውዝ ቅቤ የመሰለ ፓኬት ሰጥተው ወደ ቤት መለሱት። ፊቱ ሞላ ያለውን የጎረቤታችንን ልጅ ግን፣ ምግብ እምቢ አለ ብለው አስተኙት። እህቴ “ልጄን ናቁብኝ” ብላ ታለቅሳለች። ተሳስተው ይሆን?
አክስቱ ነኝ

መልስ፦ አልተሳሳቱም፣ እህቴ። ሞላ ያለ ፊት እኔንም በጀማሪነቴ አታሎኛል። አለቃዬ አውራ ጣቴን ይዛ የአንድ ሕፃን እግር ላይ ሦስት ሰከንድ አስጫነችኝ። ጣቴን ሳነሳ ስርጉዱ እዚያው ቀረ። ሌላኛውም እግሩ እንደዚያው። ሥጋ የመሰለኝ ውሃ ነበር። በረሃብ ሁለቱም እግሩ ያበጠ ልጅ፣ ክንዱ ወፍራም ቢሆንም በጠና ታሟል። ምግብ እምቢ ሲል ደግሞ ቤት አይመለስም።

የጎረቤትሽ ልጅ ሕክምና ቤት ተኝቶም ቢሆን ወዲያው ጠግቦ አይበላም። የደከመ ልብ ብዙ ምግብ በአንዴ አይችልም። መጀመሪያ ኤፍ 75 የሚባል ቀለል ያለ ወተት በትንሽ በትንሹ ይሰጡታል፣ ሌሊትም ጭምር። ጎረቤትሽ “ልጄን አስራቡት” ብላ ይዛው እንዳትወጣ አደራ።

የእናንተ ልጅም ታሟል። የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ፣ ክንድ በሚለካበት ባለ ቀለም ጥብጣብ ቀይ ላይ ነው። ግን ፓኬቱን ሐኪሞቹ ፊት በልቶላቸው መሆን አለበት። የሚበላና ሌላ ከባድ ሕመም የሌለበት ልጅ ቤቱ ሆኖ ይድናል።

አንዱ ፓኬት 92 ግራም ነው፤ 500 ካሎሪ ይዟል። ምግብ ቢመስልም መድኃኒቱ ነው። ታላላቆቹ ቆመው እያዩ “አታካፍሉ” ማለት ሆዴን ያባባዋል። ግን ሲካፈል ልጁ አይድንም። ለቀሪው ቤተሰብ የሚታደል እህል ካለ እዚያው ጠይቁ።

ጡት ከጠባ ጡቱ ይቅደም። በውሃ አትበጥብጡት፤ ፓኬቱን ጨመቅ እያደረጋችሁ አብሉት፣ ንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ አጠጡት። አሞክሲሲሊን የሚባለውን የኢንፌክሽን መድኃኒት ከሰጡት ደህና ቢመስልም ይጨርስ። እንዲህ የከሳ ልጅ ኢንፌክሽን ይዞትም ላያተኩሰው ይችላል።

እግሩን በየጠዋቱ ተጭነሽ እዪ። ስርጉድ ከቀረ፣ ካስመለሰው፣ ፓኬቱን እምቢ ካለ ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ቀጠሮ አትጠብቁ። በዚያው ቀን፣ ደረትሽ ላይ አድርገሽ፣ እንዳይበርደው ሸፍነሽ ውሰጂው።