የሕመም ምልክት መጠይቅ ለስፓኒሽ ተናጋሪ ታካሚ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በዋሽንግተን ዙሪያ በክሊኒክና በሆስፒታል የምትሠሩ ወገኖች ቀኑን ሙሉ ከስፓኒሽ ተናጋሪዎች ጋር ነው የምትውሉት። ከኤል ሳልቫዶር፣ ከጓቲማላ፣ ከፔሩ የመጣ ታካሚ በየቀኑ ያጋጥማችኋል። እኔ የምሠራው ታካሚዎች የሚሰማቸውን ምልክት ራሳቸው የሚሞሉባቸውን መጠይቆች ለስፓኒሽ ተናጋሪዎች በማዘጋጀት ላይ ነው። «ጥያቄ ካላችሁ ላኩልኝ» ብዬ ነበር፣ ብዙ ደረሰኝ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ (ነርስ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ሰላም እህቴ። ክሊኒካችን የእንግሊዝኛውን መጠይቅ በስፓኒሽ ማዘጋጀት ይፈልጋል። ስፓኒሽ አፍ መፍቻዋ የሆነ የሥራ ባልደረባ አለችን። እሷ ብትተረጉመው አይበቃም?

መልስ፦ ሰላም እህቴ። አይበቃም። ግን ከዚያ በፊት መጠይቁ የማን እንደሆነ አጣሩ። ብዙዎቹ የታወቁ መጠይቆች በስፓኒሽ ተዘጋጅተው አልቀዋል። ለምሳሌ በ2001 የወጣው ፒኤችኪው-9፣ ድብርትን በ9 ጥያቄ የሚለየው፣ በስፓኒሽም አለ፣ በነፃም ይገኛል። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ታካሚዎች የሕክምናቸውን የጎንዮሽ ጉዳት ራሳቸው እንዲናገሩ ያዘጋጀው ፕሮ-ሲቲሲኤኢም እንዲሁ። የተሠራ ነገር ካለ እሱን ውሰዱ። ደግማችሁ ብትተረጉሙት የእናንተ ውጤት ከሌላው ጋር አይወዳደርም።

አንዳንዶቹ ደግሞ ባለቤት አላቸው። አጠቃላይ ጤናን በ36 ጥያቄ የሚለካውን ኤስኤፍ-36ን ወይም የአውሮፓውን የካንሰር መጠይቅ ኪውኤልኪው-ሲ30ን ያለ ፈቃድ መተርጎምም ሆነ አንድ ቃል መለወጥ አይቻልም። የራሳችሁ ክሊኒክ ያዘጋጀው መጠይቅ ከሆነ ግን ሥራው የእናንተ ነው፣ የሚቀጥለውን አንብቢ።

ጥያቄ (የሕዝብ ጤና ተማሪ)፦ ደረጃ በደረጃ እንዴት ነው የሚሠራው?

መልስ፦ ሁለት ሰዎች፣ ስፓኒሽ አፍ መፍቻቸው የሆነ፣ ሳይነጋገሩ ለየብቻ ይተረጉማሉ። አንደኛው ሕክምና የሚያውቅ፣ ሌላኛው ሕክምና የማያውቅ ቢሆን እመርጣለሁ። ምክንያቱም ሁለተኛው ሰው እንደ ታካሚ ነው የሚጽፈው። ከዚያ ሁለቱ ተቀምጠው አንድ ያደርጉታል። ቀጥሎ ዋናውን አይቶት የማያውቅ ሦስተኛ ሰው ስፓኒሹን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል። የተመለሰው ከዋናው ጋር ይመሳከራል። በመጨረሻ ታካሚዎች ጋር ይኬዳል።

ብዙ ሰው መልሶ መተርጎሙ ላይ ሲደርስ አለቀ ይላል። እኔ ከሁሉም ትንሹን እምነት የምጥልበት እሱ ላይ ነው። ለምሳሌ የሆድ ድርቀትን አንዱ «ኮንስቲፓዶ» ብሎ ቢጽፈው፣ መልሶ የሚተረጉመው ሰው ልክ የእንግሊዝኛውን ቃል ይሰጣችኋል። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ነገር ገጠመ። ከስፔን የመጣው ታካሚ ግን ቃሉን ሲያነብ ጉንፋን ይዞኛል ወይ ተብሎ እንደተጠየቀ ነው የሚገባው። «ኤስትሬኚሚየንቶ» ቢባል ሁሉም አገር ይግባባበታል። ይህን የሚያሳያችሁ ታካሚው እንጂ የተመለሰው ትርጉም አይደለም።

ጥያቄ (የሕክምና ረዳት፣ አሌክሳንድሪያ)፦ ለእያንዳንዱ አገር የየራሱን ማዘጋጀት አለብን ማለት ነው?

መልስ፦ አሜሪካ ውስጥ አይቻልም። ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው ቤቱ ውስጥ ስፓኒሽ ይናገራል፣ ከሁሉም አቅጣጫ የመጣ ነው። አንድ የመጠበቂያ ክፍል ውስጥ የሜክሲኮ ሰው ከኮሎምቢያዊ ጎን ተቀምጧል። ስለዚህ አንድ ስፓኒሽ ነው የሚዘጋጀው፣ ግን ሥራው ላይ ከተለያየ አገር የመጡ ሰዎች አብረው ይቀመጣሉ። አንዱ አገር ብቻ የሚጠቀምበት ቃል እዚያው ይያዛል።

ቃሉ ብቻም አይደለም። ኤስኤፍ-36 በእንግሊዝኛው «ጥቂት ብሎክ መሄድ ይከብድዎታል?» ይላል። የስፔኑ ቅጂ «ማንሳና» ብሎ፣ እሱም ስለማይበቃ «በመቶዎች የሚቆጠሩ ሜትሮች» የሚል ጨምሮበታል። በላቲን አሜሪካ ደግሞ ብዙው ሰው «ኩዋድራ» ነው የሚለው። እዚያው መጠይቅ ላይ ጎልፍ መጫወት እንደ መካከለኛ እንቅስቃሴ ምሳሌ ተጠቅሷል። የስፔኑ ቅጂ ጎልፉን ትቶ ከአንድ ሰዓት በላይ በእግር መሄድን ተካበት። ጎልፍ ተጫውቶ ለማያውቅ ሰው «ይከብድዎታል?» ቢሉት ምን ይመልስ? እንደዚህ ያለው ለውጥ ትክክለኛ ነው፣ የሚፈለገው የሰውነት ጉልበት እስከተመጣጠነ ድረስ።

ጥያቄ (ነርስ፣ ዳላስ)፦ ታካሚ ጋር መሄድ የምትይው ምን ማለት ነው? እኛ ቅጹን ሰጥተን «ገባዎት?» ስንል ሁሉም «ሲ፣ ሲ» ነው የሚሉት።

መልስ፦ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ትንሽ ልቆይበት።

«ገባዎት?» የተባለ ሰው አልገባኝም አይልም። በተለይ ጋውን የለበሰ ሰው ሲጠይቀው። እኛም ሐኪም ፊት እንደዚያው ነን። ስለዚህ ያንን ጥያቄ ተዉት።

መጀመሪያ ታካሚዋ ቅጹን ብቻዋን ትሙላ። እናንተ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። የት ላይ ቆመች? የቱን ደግማ አነበበች? የቱን ሰርዛ ቀየረች? ስትጨርስ ወደነዚያ ቦታዎች ተመለሱና «ይሄ ጥያቄ ምን እየጠየቀ ነው? በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ» በሉ። «3ን ሲመርጡ ምን አስበው ነው?» «ባለፉት 7 ቀናት ሲል ከየትኛው ቀን ጀምረው ቆጠሩ?» «ጎረቤትዎን ይህንን ቢጠይቋት እንዴት አድርገው ይጠይቋታል?» ይሄ የመጨረሻው ወርቅ ነው። ብዙ ጊዜ ትክክለኛው አባባል የሚገኘው ከዚያ መልስ ውስጥ ነው።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከፖርቶ ሪኮ የመጡ አንዲት እናት ኬሞቴራፒ ላይ ነበሩ። ድካምን ለመጠየቅ «ፋቲጋ» ተብሎ የተጻፈው ጥያቄ ላይ ዜሮ ሞሉ። ልጃቸው ግን ሳምንቱን ሙሉ ከአልጋ እንዳልተነሱ ነግራናለች። «ይሄ ጥያቄ ምን እያለ ነው?» አልኳቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በረጅሙ ተነፈሱ። «ደረቴ ደህና ነው፣ አስም የለብኝም» አሉኝ። በፖርቶ ሪኮ ብዙ ሰው ፋቲጋ የሚለው ትንፋሽ ማጠርን ነው። በደቡብ ስፔን ደግሞ ማቅለሽለሽ ሊሆን ይችላል። ዜሮው ለእሳቸው ትክክለኛ መልስ ነበር። ሐኪሙ ግን ድካም የለባቸውም ብሎ ሊያነበው ነው። «ካንሳንሲዮ» ብዬ ስጠይቃቸው ወዲያው ገባቸው፣ ቁጥሩም ከላይኛው ጫፍ ተጠጋ።

ስንት ሰው ይበቃል ለሚለው፣ አይስፖር የተባለው ዓለም አቀፍ የጤና ጥናት ባለሙያዎች ማኅበር በ2005 ያወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 8 ሰው ይላል። ከዚያ በፊት በ2000 የወጣ ሌላ የታወቀ መመሪያ ደግሞ ከ30 እስከ 40 ይፈልጋል። እኔ ከቁጥሩ ይልቅ ማን ማን እንደሆኑ ነው የማየው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ 30 ሰዎች ሁሉም ግልጽ ነው ይሏችኋል። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጡ አባት፣ የመነጽር ቁጥራቸው ያለፈባቸው አዛውንት፣ በቅርብ የገባች ወጣት ይኑሩበት። ቃለ መጠይቁንም ተርጓሚው ራሱ ባያደርገው ይሻላል። ሰው የሠራውን ሥራ መከላከሉ አይቀርም፣ ታካሚዋ ስትደናቀፍ ሊያስረዳት ይሞክራል። ማስረዳት ከጀመረ ደግሞ ሙከራው እዚያው አበቃ።

ጥያቄ (ፋርማሲ ቴክኒሺያን)፦ የመልስ ምርጫዎቹስ? «አልፎ አልፎ፣ ብዙ ጊዜ» የሚሉት ብዙ ሰው ያምታታሉ።

መልስ፦ አዎ፣ ከጥያቄዎቹ ይልቅ የሚያስቸግሩት እነሱ ናቸው። «ባስታንቴ»ን ከ«ሙቾ» አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጋችሁ ብታስቀምጡት ለአንዳንዱ ሁለቱም ያው «ብዙ» ነው። ፒኤችኪው-9 ላይ ደግሞ «ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ቀናት» የሚል ምርጫ አለ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው የሚጠይቀው፣ ስለዚህ 8 ቀንና ከዚያ በላይ ማለት ነው። ሰው እዚያ ሲደርስ ይቆማል፣ ሂሳብ መሥራት ስላለበት። የታተመ መጠይቅ ስለሆነ አትለውጡት፣ ግን የቀን መቁጠሪያ ጠረጴዛው ላይ ብታስቀምጡ ይረዳል። የራሳችሁ መጠይቅ ከሆነ ከ0 እስከ 10 ቁጥር ተጠቀሙና ሁለቱን ጫፎች ብቻ በቃል ግለጹ።

አንድ ልጨምር። ከላቲን አሜሪካ የመጡ መላሾች ጫፍና ጫፉን የመምረጥ ዝንባሌ እንዳላቸው በጥናት ታይቷል። ስለዚህ የስፓኒሹ ቡድን አማካይ ከእንግሊዝኛው ከፍ ቢል፣ ወዲያው «እነሱ የበለጠ ታመዋል» አትበሉ። ጥያቄው በሁለቱ ቋንቋ እኩል መለካቱ በስታቲስቲክስ መፈተሽ አለበት።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ታካሚ አንቱ ማለት ይሻላል ወይስ አንተ?

መልስ፦ «ኡስቴድ»፣ ማለትም አንቱ። በእሱ የሚቀየም የለም። የሚከብደው ጾታው ነው። «ደክሞኛል» ሲባል ስፓኒሽ ወንድና ሴት ይለያል፣ እያንዳንዱ መስመር ላይ ሁለቱንም መጻፍ ደግሞ ንባቡን ያደናቅፋል። «ድካም ተሰምቶኛል» በሚል ዓይነት ስም ተጠቅማችሁ ብትጽፉት ችግሩ ይቀራል።

ጥያቄ (አስተርጓሚ፣ ሲያትል)፦ እትዬ፣ አሁን ኤአይ በአንድ ደቂቃ ይተረጉመዋል። ለምን ይሄን ሁሉ እንለፋለን?

መልስ፦ ለመጀመሪያ ረቂቅ እኔም አልከለክልም። ግን አሜሪካ ውስጥ ሕጉን እወቁት። በ2024 የወጣው የጤና መሥሪያ ቤቱ ደንብ፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ የጤና ተቋም ወሳኝ ጽሑፍ በማሽን ካስተረጎመ፣ ብቃት ያለው ሰው ተርጓሚ እንዲያየው ያስገድዳል። ከሕጉም በላይ፣ ማሽኑ የዚያችን እናት ደረት አያይም።

ቃል ያልሆኑትንም ማሽኑ አይነግራችሁም። «ትኩሳትዎ ከ100.4 በላይ ከሆነ ይደውሉ» የሚለው በፋራናይት ነው። ቤቱ የሴልሺየስ መለኪያ ላለው ሰው 38 ብላችሁ አብራችሁ ጻፉለት። 5/4 የሚለውንም ቀን ብዙው ስፓኒሽ ተናጋሪ ኤፕሪል 5 ብሎ ነው የሚያነበው። ወሩን በፊደል ጻፉት።

ጥያቄ፦ ለአማርኛስ እንደዚህ ዓይነት ሥራ ተሠርቷል?

መልስ፦ አዎ፣ ለምሳሌ ፒኤችኪው-9 አዲስ አበባ ውስጥ በሆስፒታል ታካሚዎች ላይ ተፈትሾ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። እዚህ የአማርኛ ቅጽ ሲሰጣችሁ ማን እንዳዘጋጀውና በታካሚ እንደተሞከረ ጠይቁ። መብታችሁ ነው።

ጥያቄ (ነርስ፣ ሜሪላንድ)፦ ከጓቲማላ የመጡ አንዳንዶቹ ስፓኒሹንም በደንብ አያነቡም።

መልስ፦ ትክክል ነሽ። ማም ወይም ኪቼ የመጀመሪያ ቋንቋቸው የሆነ ብዙ አሉ፣ ስፓኒሽ ሁለተኛቸው ነው። «ከጓቲማላ ነው» ብለሽ የስፓኒሽ ቅጽ ከመስጠትሽ በፊት ቤት ውስጥ በምን እንደሚነጋገሩ ጠይቂ። አስተርጓሚ ፈልጉና ጥያቄው ጮክ ብሎ ይነበብላቸው። የቤተሰብ ልጅ ግን አታስተርጉሙ። ስለ ሰገራና ስለ ወሲብ እናት በልጇ አፍ አትናገርም።

ጥያቄ (የማኅበራዊ ሠራተኛ፣ ሂውስተን)፦ ታካሚው በስፓኒሹ ቅጽ ላይ «ብሞት ይሻለኛል» በሚለው ላይ ምልክት ቢያደርግስ? ስፓኒሽ የሚያነብ ሰው ያልገባበት ቀን ነው እንበል።

መልስ፦ ይህ ቅጹ ከመታተሙ በፊት መልስ ማግኘት አለበት። የፒኤችኪው-9 ዘጠነኛው ጥያቄ ነው። ከዜሮ ሌላ ማንኛውም መልስ ታካሚው ከመውጣቱ በፊት መታየት አለበት፣ የጠቅላላው ነጥብ ዝቅተኛ ቢሆንም። ጥያቄዎቹ በሁለቱም ቋንቋ በአንድ ቅደም ተከተል ስለሆኑ፣ ስፓኒሽ የማያነብ ሰውም ዘጠነኛው መስመር ላይ ምልክት መኖሩን ማየት ይችላል። ይህንን እንግዳ ተቀባዩም ጭምር ይማር። ሐኪሙ በስልክ አስተርጓሚ እዚያው ያነጋግራቸው። ወደ ቤት ሲሄዱ ደግሞ 988 ደውለው 2ን ቢጫኑ በስፓኒሽ የሚያነጋግራቸው ሰው እንደሚያገኙ ንገሯቸው፣ ቁጥሩንም በወረቀት ጽፋችሁ ስጧቸው።