ግናዋ መማር ሰውን ይለውጣል ወይ?

እህቴ፣ «ሞሮኮ ሄጄ ግናዋ ብማር እውነት ሕይወቴ ይለወጣል?» ላልሽው፣ ግናዋ የተባለው የሞሮኮ መንፈሳዊ ሙዚቃና ጭፈራ እኔን ለውጦኛል። ባሰብኩት መንገድ ግን አይደለም።

ኤሳዊራ፣ የሞሮኮ የባህር ዳር ከተማ፣ የሄድኩት ጭፈራውን ፈልጌ ነበር። መምህሬ መጀመሪያ ያስያዘኝ ቀራቀብ ነው፤ በሁለት እጅ ተይዞ የሚጋጭ ብረት። ለሳምንታት ያችኑ አንድ ምት ብቻ! ጣቴ ተላላጠ፣ ክንዴ ዛለ። በፈጠንኩ ቁጥር ጊምብሪ የሚባለውን ባለ ሦስት ክር የሙዚቃ መሣሪያውን መጫወት ያቆምና ዝም ብሎ ያየኛል። ችኩል ሰው ነበርኩ። ሌላውን መስማት የተማርኩት እዚያ ነው።

ሊላ የሚሉት፣ መናፍስት የሚጠሩበት ሥርዓት ሌሊቱን ሙሉ ይዘልቃል። ዕጣን ይጨሳል፣ ለየመንፈሱ የራሱ ቀለምና ዜማ አለው። አንዲት እናት ጊምብሪው ፊት ራሷን እያወዛወዘች ስትወድቅ ሴቶቹ ደግፈው ሻሽ አለበሷት። ማንም አልደነገጠም። ለእነሱ ይሄ ትርዒት ሳይሆን ፈውስ ነው። ከሰሃራ በታች ተሸጠው የመጡ ባሮች ልጆች ይዘው ያቆዩት ነገር ነው፤ ይሄን ሳያውቁ መጨፈር ይከብደኛል።

እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ኤሳዊራ የሚካሄደው የግናዋ ፌስቲቫል ደስ ይላል፣ ለመማር ግን አይበቃም። ቢያንስ ሁለት ወር ያዢ። ሊላ ላይ ሳትጋበዢ አትግቢ፣ ስልክሽንም አታውጪ።