የእማዬ የታችኛው ጥርስ አልቀመጥ አለ

ጥያቄ፦ እናቴ 71 ዓመቷ ነው። የቀሩትን ጥርሶቿን ካስነቀለች ሁለት ወር ሳይሞላት የላይና የታች ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሠራላት። ይኸው አምስት ወር ሆነው። የላይኛው ደህና ነው፤ የታችኛው ግን ስታወራ ይነሳል፣ በግራ በኩልም ድዷን አቁስሏታል። ባለፈው የማርያም ማኅበር ላይ ዳቦ እየገመጠች ሳለ ከአፏ ወጣባት። ከዚያ ወዲህ «ሰው ፊት አልበላም» ብላ ማኅበሯን ትታለች። ወንድሜ የሚያቆስላትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ሞረደላት፤ የተሰነጠቀውን ጫፍም በሱፐር ግሉ አጣበቀው። ማታ አውልቂው ስንላት በጄ አትልም። ጥርሱ ተበላሽቷል ብለን ሌላ እናሠራላት?
ልጇ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህቴ፣ ሌላ ለማሠራት አትቸኩሉ። አፋቸውን ሳላይ ሁሉን አውቄያለሁ አልልም፤ ከነገርሽኝ ግን የሸሸው ድዳቸው ይመስለኛል።

ጥርስ ሲነቀል ይዞት የነበረው አጥንት ሥራ ይፈታል፣ እየሟሸሸም ይሄዳል፤ በላዩ ያለው ድድም አብሮት ይወርዳል። በብዛት የሚቀንሰው በመጀመሪያው ዓመት፣ ከዚያም ውስጥ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ነው። የእናትሽ ልኬት የተወሰደው ድዱ ገና እየወረደ ሳለ ነው። ጥርሱ በዚያ ቀን ቅርጽ ቀረ፣ ድዱ ግን መውረዱን አላቆመም፤ በመሃላቸው ክፍተት ተፈጠረ። በዚህ የሠራውን ባለሙያ አልወቅስም፤ እናትን ዓመት ሙሉ ያለ ጥርስ ማስቀመጥም አይሆንም። የምወቅሰው «ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሰው ይምጡ» ሳይባሉ ከተሸኙ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ በተረከቡት ዕለት ሥራው አያልቅም፤ ይህን ነገር 19 ዓመት ሙሉ ለታካሚዎቼ ስናገር ኖሬያለሁ።

እንግዲህ የሚያስፈልጋቸው እኛ ሪላይን የምንለው ሥራ ነው። ያው ጥርስ በአፋቸው እንዳለ አዲስ ልኬት ይወሰድና የውስጡ ክፍተት አክሪሊክ በሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ይሞላል። ከአዲስ ጥርስ በብዙ ይረክሳል። ወደ ክሊኒክ ስትሄዱ ወንድምሽ ያደረገውን አትደብቁ። የሞረደው ቦታ ትክክለኛው ላይሆን ይችላል፤ ሱፐር ግሉውም ድድ ያስቆጣል፣ ስንጥቁንም ትንሽ አዛብቶ ስለሚይዘው ጥርሱ እንደ ድሮው አይገጥምም። ባለሙያው እሱን አጽድቶ እንደገና ይጠግነዋል። በፍቅር ያደረገው ስለሆነ አትቆጡት፤ ብቻ አይድገመው።

አንድ ነገር አደራ። ብዙ ሰው ሲያመው ጥርሱን አውልቆ ሦስት አራት ቀን ይቆይና፣ ቁስሉ ሲድን ወደ እኛ ይመጣል። ያኔ የቱ ቦታ እንደሚነካው ማየት አንችልም። በቀጠሮው ዋዜማና በዕለቱ ጠዋት፣ ቢያምም፣ ጥቂት ሰዓት ያድርጉት። ጥርሱ ከተስተካከለ በኋላ ቁስሉ በሁለት ሳምንት ካልዳነ ደግሞ «ጥርሱ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ የግድ ይመርመር።

የታችኛው ከላይኛው ጋር እኩል ይይዛል ብላችሁ አትጠብቁ። የላይኛው ላንቃን ሸፍኖ ስለሚያርፍ፣ ተደራርበው እንደሚጣበቁ ሁለት እርጥብ ብርጭቆዎች፣ ስስ የምራቅ ሽፋን ይይዘዋል። የታችኛው የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ነው፤ ምላስ ከውስጥ፣ ጉንጭ ከውጭ ይገፋዋል። ስለዚህ ምላሳቸውን ከታችኛው የፊት ጥርስ ኋላ አሳርፈው ማውራት ይልመዱ። ጠዋት ጠዋት ዳዊታቸውን ጮክ ብለው ቢደግሙ ከዚህ የተሻለ ልምምድ አላውቅም። ሲበሉ በትንሽ በትንሹ ጎርሰው በሁለቱም በኩል ያላምጡ። ዳቦን በፊት ጥርስ መግመጥ ጥርሱን ከኋላ ያነሳዋል፤ በእጅ ቆርሰው ወደ ጎን ጥርስ ያስገቡት። እንጀራ በዚህ በኩል ደግ ምግብ ነው። ቆሎ ግን ለጊዜው ይቅር፤ ፍርፋሪው ከሥር ገብቶ ይወጋል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሩ፤ አንዳንዱ አፍ ያደርቃል፣ ምራቅ ሲያንስ ደግሞ ጥርስ አይይዝም።

የማታው ነገር ከሁሉም ይከብደኛል። የእኔም እናት ጥርሷን አውልቃ አታድርም ነበር፤ አባቴ በድዷ እንዲያያት አልፈለገችም። ስንት እናቶችን «ማታ ያውልቁ» ስል ኖሬ፣ የራሴን እናት ላንቃ ገልጬ ያየሁት «ምግብ ያቃጥለኛል» ካለች በኋላ ነው። የጥርሱ ቅርጽ እስኪታተምበት ድረስ ቀልቶ ነበር፤ የከንፈሯም ጥግ ተሰነጣጥቋል። ይህን የሚያመጣው ሌት ተቀን በተሸፈነ ድድ ላይ የሚራባ ፈንገስ ነው፤ ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይብሳል። በመድኃኒትና ጥርሷን አውልቃ በማደር ዳነች። እንድትስማማ ያደረጋት ግን የእኔ ምክር አልነበረም፤ ክዳን ያላት ትንሽ ብርጭቆ ገዝቼ ራስጌዋ አስቀመጥኩላት፣ መብራት ሲጠፋ ታወልቃለች፣ ሳይነጋ ታደርገዋለች። ማንም አላያትም። እናንተም እናትሽን አትጨቅጭቁ፤ ብርጭቆዋን ግዙላቸው።

ብርጭቆዋ ውስጥ የሚገባው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ደርቆ ማደር አይስማማውም፤ የፈላ ውሃ ደግሞ ቅርጹን ያጣምመዋል፣ አንዴ ከተጣመመ አይመለስም። ማታ ከማስቀመጣቸው በፊት በለስላሳ ብሩሽና በጥቂት ላርጎ ይታጠብ። የጥርስ ሳሙና ይቧጭረዋል፣ ጭረቱም ቆሻሻ ይይዛል። በረኪና አታስነኩት። ሲያጥቡት ከሥር ውሃ ያለበት ሳፋ ይሁን፤ ከእጅ ቢያመልጥ አይሰበርም። ድዳቸውንና ምላሳቸውንም በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ።

ቀጣዩ ማኅበር መቼ እንደሆነ አስሉና ሪላይኑን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ አሠሩ፤ ከዚያ በኋላም አንድ ሁለቴ መስተካከሉ አይቀርም። ቀጠሮ ስትይዙ ጠዋት ሰጥታችሁ በዕለቱ መረከብ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ ያለ ጥርስ እንዳያድሩ ሳይሆን ያለ ጥርስ ቀን እንዳይውሉ። የመጀመሪያውን ምሳ ደግሞ ከአንቺ ጋር ብቻ ይብሉ።