ስሜን ከግሩፕ ሥራው አወጡት

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፣

አዲስ አበባ ውስጥ በማታው ክፍለ ጊዜ አካውንቲንግ እማራለሁ፤ ቀን ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ነኝ። የግሩፕ አሳይመንታችንን ልጆቹ ስሜን ሳይጽፉ አስገቡ። «አትመጪም» ነው ምክንያታቸው። መቼ ልምጣ? ክፍል 11:30 ይጀምራል። እኔ የካዝናዬን ብር ቆጥሬ፣ ከማሽኑ ሪፖርት ጋር አመሳክሬ፣ ፈርሜ አስረክቤ ስወጣ 11:40 ሆኗል። 50 ብር ከጎደለ እንደገና ከመጀመሪያው መቁጠር ነው። ከዚያ የታክሲ ሰልፍ አለ። የኤክሰሉን ሠንጠረዥ ሌሊት ሠርቼ በቴሌግራም ልኬላቸው ነበር፤ እሱን ተጠቅመውበታል። ባለፈው ወር የዕቃ ቆጠራ ስለነበር እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ቆይቼ የኮስት አካውንቲንግ ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) አመለጠኝ፤ አፍሬ ከዚያ ወዲህ ኮስት ክፍል አልገባሁም። ልጆቹን ግን ፈጽሞ ይቅር አልላቸውም። የቤት ኪራዩን ግማሽ የምከፍለው እኔ ስለሆንኩ ሥራ መልቀቅ አልችልም። ትምህርቱን ብተወው ይሻለኝ ይሆን?

ካሸሯ

መልስ፦

እህቴ፣ የግሩፑ ነገር ቀላል ነው፤ ሠንጠረዡን የላክሽበትን መልእክት ቀንና ሰዓቱ እንደሚታይ አድርገሽ ለመምህሩ አሳዪው። የሚጥልሽ በአንድ መስመር ብቻ ጠቅሰሽ የተውሽው ኮስት ነው። ክፍል መግባት ማቆም ድሮፕ ማድረግ፣ ማለትም ኮርሱን በደንቡ ማቋረጥ፣ አይደለም! ስምሽ መዝገብ ላይ እስካለ ኤፍ ይገባል። እስካሁን 30 ክሬዲት በአማካይ 2.10 ውጤት ይዘሻል እንበል፤ 63 ነጥብ ነው። ሦስት ባለ 3 ክሬዲት ኮርሶችን በሲ (በ2 ነጥብ) አልፈሽ ባለ 4 ክሬዲቱ ኮስት ኤፍ ቢሆን፣ 81 ለ43 ሲካፈል 1.88 ይመጣል። በደንቡ ድሮፕ ካደረግሽው 81 ለ39 ነው፤ 2.08። መመረቂያው 2.00 ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት፣ ያን ምሽት ቆጠራ ላይ እንደነበርሽ የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤትሽ አጽፊና ዲፓርትመንቱን ሜካፕ (የምትክ) ፈተና ጠይቂ። ካልፈቀዱ ሬጅስትራር ሄደሽ የድሮፕ ቀን ማለፍ አለማለፉን አጣሪ፤ ሰው ነገረኝ ብለሽ አትቅሪ።

ለአለቃሽም «ስለምማር እዘኑልኝ» አትበዪ። የክፍል ፕሮግራምሽን አያይዘሽ የጠዋት ሺፍት በጽሑፍ ጠይቂ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ እስከ ምሽቱ 4 የሠራሽው በአንድ ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል። የቆጠራው ምሽት ተከፍሎሻል? አንድም ቃል አልጻፍሽበትም፤ ጠይቂያቸው። ዓመት ከሠራሽ ቢያንስ 16 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍት አለሽ፤ አሠሪሽ ከተስማማ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹን ለሚድ፣ ግማሹን ለፋይናል አድርጊው እንጂ ለበዓል አታስቀምጪው።

መተዉን እኔ አልደግፍም። በሚቀጥለው ሴሚስተር ከአራት ኮርስ ሦስት ያዢ፤ ምረቃው ይዘግይ። ቤት የምታኖር ልጅ ኪራይ ስትከፍል፣ ካዝና ስታስረክብ ቆይታ ፈተና ቢያመልጣት የሚያሳፍር ነገር የለውም። የማታ መምህር ተማሪው ከሥራ እንደሚመጣ ያውቃል። ቀጣዩ የኮስት ክፍል ሲኖር ግቢ፤ ከዘገየሽም ከኋላ ተቀመጪ።