ጥያቄና መልስ፦ ሜዳ ላይ ስንጎዳ ማን ያሳክማል? ማንስ ይጠየቃል?

ወጌሻው፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የጎንደር ስፖርት ቤተሰቦች። ለዓመታት የቡድን ወጌሻ ነበርኩ። ሕግ የተማርኩትም ተጫዋቾች ተጎድተው ባዶ እጃቸውን ሲሸኙ እያየሁ ነው። ዛሬ ማታ ስለ ጉዳት፣ ስለ ሕክምና ወጪና ስለ ተጠያቂነት ጠይቁኝ። አስቀድሜ የምለምናችሁ፦ የተጎዳችሁ ዕለት ወረቀት ያዙ። ቀኑ፣ ደቂቃው፣ ያዩ ሰዎች ስም፣ የታከማችሁበት ማስረጃ።

የአዘዞ ልጅ፦ ጋሼ፣ እሑድ ስንጫወት ተከላካዩ የጓደኛዬን ቅልጥም ሰበረው። መክሰስ ይችላል?

ወጌሻው፦ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2068 ይህን ለብቻው አንስቶታል። በጨዋታ መሀል አብሮት የሚጫወተውን ወይም ቆሞ የሚያየውን የጎዳ ሰው፣ ተንኮል ከሌለበትና የጨዋታውን ሕግ በከባድ ሁኔታ ካልጣሰ ካሣ አይከፍልም። ኳስ ሊነጥቅ ገብቶ ከዘገየ ፋውል ነው፤ ፋውል ሁሉ ግን አያስከስስም። ኳሷ ሌላ ጥግ እያለች ፊቱን በክርን ከመታው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ የካሣ ክሱ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ አንቀጽ 2143ን ተመልከት። ሽማግሌ ሲመላለስ ጊዜው ያለፈባቸው ብዙ ናቸው። ዕርቁ ይሁን፣ ቀኑን ግን ቁጠሩ። ወረቀትም ያዙ።

ማራኪ 9 ቁጥር፦ ቀይ ካርድ ከወጣበት አለቀ፣ ከባድ ጥሰት ነው።

የድሮ ተመልካች፦ በሁለት ቢጫ የወጣውስ? ጊዜ ያባከነም እኮ በሁለት ቢጫ ይወጣል።

ማራኪ 9 ቁጥር፦ እኔ ስለ ቀጥታ ቀይ ነው የማወራው። ጠንካራ ተከላካይ ማየት ከፈለግህ የ2013ቱን የፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ፋሲል ከነማን አስታውስ። ጠንካራ፣ ግን ንጹሕ።

የድሮ ተመልካች፦ ንጹሕ? የትኛውን ጨዋታ ነው ያየኸው?

ወጌሻው፦ እባካችሁ ወደ ጉዳያችን። የዳኛ ካርድ ለፍርድ ቤቱ አንድ ማስረጃ ነው፣ ፍርድ አይደለም።

የሦስት ልጆች እናት፦ ወንድሜ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ነን። ልጄ ኳስ ሲጫወት ቢጎዳ ቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ልውሰደው?

ወጌሻው፦ እትዬ፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በሪፈር ወረቀት ሆስፒታል። ያለ ሪፈር ከሄዱ ከኪስዎ ይከፍላሉ። ድንገተኛ ከሆነ፣ አጥንቱ ከተሰበረ ወይም ራሱን ከሳተ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ያድርሱት። ካርዱ ለዘንድሮ መታደሱን ዛሬውኑ ይዩ። ልጁ 18 ዓመት ሞልቶት ከሆነም በእናንተ ካርድ መታከም መቻሉን ቀበሌ ጠይቁ።

ሯጩ፦ ጉልበቴን ያመኛል፣ ምን ትመክረኛለህ?

ወጌሻው፦ የት ጋ? ከመቼ ጀምሮ? በዚህ ዓይነት ጥያቄ መልስ አይገኝም። ፊዚዮቴራፒ ሂድ።

ተቀያሪ፦ ጋሼ፣ ክለቤ ጅማቴ ከተበጠሰ በኋላ "በጤና መድን ታከም" ብሎ ደመወዜን አቆመ።

ወጌሻው፦ የቅጥር ውል አለህ? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የምትሸፈን ከሆነ፣ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። ሕክምናውን ይከፍላል፤ በጊዜያዊነት መሥራት ላልቻለ ሠራተኛም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፍላል። "በጤና መድን ታከም" የሚለው ደግሞ አያስኬድም። የማኅበራዊ ጤና መድን (የደመወዝተኞች መድን) ደንብ 271/2005 እንኳ የሥራ ላይ ጉዳትን ከሽፋኑ አውጥቶታል፣ የአሠሪ ዕዳ ነውና። ውልህንና የሐኪም ማስረጃህን ይዘህ ጠበቃ ዘንድ ሂድ። ውሉ በእጅህ ከሌለ ዛሬውኑ በጽሑፍ ጠይቅ።

የአዘዞ ልጅ ወንድም፦ ጋሼ፣ እግር የሰበረ ሰው ይከሰሳል ወይ?

ወጌሻው፦ ከላይ መልሻለሁ። አንብቡ እንጂ!

ጀማሪ ወጌሻ፦ ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋቼን አሰልጣኙ "አስገባው" ይለኛል። ልጁም "ደህና ነኝ" ይላል።

ወጌሻው፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። አታስገባው። ኮንከሽን፣ ማለትም በምት የመጣ የአንጎል መናወጥ፣ የተጠረጠረበት ተጫዋች በዚያ ቀን አይመለስም፤ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ስለ ራሱ ሊፈርድ አይችልም። አጠገቡ ተንበርከክና ጠይቀው፦ የት ሜዳ ነን? ስንተኛው አጋማሽ ነው? የመጨረሻውን ጎል ማን አገባ? ከተንተባተበ ወይም ዓይኑ ከፈዘዘ አስወጣው። ሁሉን በትክክል ቢመልስም ራስ ምት ወይም ማቅለሽለሽ ካለው ያው ነው። ቢያስታውከው፣ ራስ ምቱ እየበረታ ቢሄድ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ቢለው ሆስፒታል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዛል፤ "አሰልጣኙ አዞኝ ነው" ብትል ነፃ አትወጣም። ልጁ ከተጎዳ በቸልተኝነት አካል በማጉደል የወንጀል ተጠያቂነትም አለ። ስለዚህ እዚያው መስመሩ ላይ ጻፍ፦ ደቂቃውን፣ ያየኸውን፣ ለማን እንደነገርክ፣ እሱም ምን እንዳለህ። አምበሉን አስፈርመው። አሰልጣኙ ይቆጣ፤ ቁጣው እስከ ማክሰኞ ልምምድ ነው፣ የልጁ ጭንቅላት ግን አይተካም።

ጀማሪ ወጌሻ፦ ከሥራ ቢያባርረኝስ?

ወጌሻው፦ ያን ጊዜ ያ የተፈረመ ወረቀት ይከራከርልሃል።

5 ሺህ ሜትር፦ ለጉንፋን የታዘዘልኝ መድኃኒት ዶፒንግ ይሆን?

ወጌሻው፦ ሊሆን ይችላል። ሰውነትህ ውስጥ ለተገኘው የምትጠየቀው አንተ ነህ፣ ያዘዘልህ ሐኪም አይደለም። ስፖርተኛ መሆንህን መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት ንገር። የተከለከለ መድኃኒት መውሰድህ የግድ ከሆነ የሕክምና ፈቃድ አስቀድመህ ጠይቅ።

ፋሲሎች፦ ጋሼ፣ አጥቂያችን ለቅዳሜ ይደርሳል? ሐኪሞቹን ታውቃቸዋለህ አይደል?

ወጌሻው፦ የሕክምና ምስጢር ነው። የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 399 አንብብ። ቀጣይ ጥያቄ።