«ያረጋገጠው» የሚለው ቦታ

ለምክር አምድ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ትዕግስቴ አልቆ ነው። የፋርማሲ ቴክኒሻን ትምህርቴን ከጨረስኩ ቆይቻለሁ። ለብቃት ፈተናው ሁለት ጊዜ ተቀምጬ ሁለቴም ወደቅሁ፤ ሁለቴም የጣለኝ ስሌት ነው። «5 ሚሊ ሊትሩ 250 ሚሊ ግራም የያዘ ሽሮፕ ለ125 ሚሊ ግራም ስንት ይሰጣል?» ዓይነቱን እሠራዋለሁ። መቶኛና ማቅጠን ሲመጣ ግን ሁሉም ነገር ይጠፋብኛል። ደግሞስ ዛሬ ማን በእጁ ያሰላል? በምሠራበት ቦታ ኮምፒውተሩ ያሰላል፣ ሌብሉን ያትማል፤ እኔ ቆጥሬ እለጥፋለሁ።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ከእኔ በኋላ የመጣችው ልጅ ናት። በመጀመሪያው ሙከራ አለፈችና ደመወዟ ከእኔ በለጠ። መድኃኒቱ የት እንዳለ ያሳየኋት እኔ! አዲስ ሲገባ ጊዜው ቀድሞ የሚያልፍበትን ወደ ፊት አምጥቼ የምደረድረው እኔ፤ ፍሪጁ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆኑን ጠዋትና ማታ አይቼ የምመዘግበው እኔ። ፋርማሲስቱ እንኳ ከእሷ ይልቅ እኔን ነው የሚያምኑት። ወረፋ ሲበዛባቸው «ያረጋገጠው» በሚለው ቦታ ላይ የእሳቸውን ምልክት አድርጊልኝ ይሉኛል፣ አደርግላቸዋለሁ። እንዲህ ለሚታመን ሰው ወረቀት ምን ይጨምርለታል?

እናቴ ሦስተኛ ሞክሪ ትላለች። እኔ ግን ሌሊት ሌሊት የማስበው ሌላ ነው፤ አሁንም ብወድቅ፣ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም ማለት ይሆን?

የደከማት

*

እህቴ የደከማት፣

ያንን ምልክት ማድረግ ዛሬውኑ አቁሚ። ስለ ፈተናው በኋላ እናወራለን።

በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር ከደብዳቤሽ ሁሉ ከባዱ ነው። አንቺ ታዘጋጃለሽ፣ እሳቸው ያያሉ፤ ሥራው ለሁለት የተከፈለው አንድ ዓይን ስለሚሳሳት ነው። ሁለቱንም ቦታ አንድ እጅ ከሞላው በሽተኛው የተረጋገጠ መስሎት ይወስዳል እንጂ ያየለት የለም። ስህተት በተገኘ ቀን ደግሞ ምልክቱን ማን እንዳደረገው መጠየቁ አይቀርም። ይቅርታ አድርጊልኝና፣ እሳቸው አላመኑሽም፤ ተጠቅመውብሻል።

እኔም ከባንኮኒው ኋላ ዓመታት ቆሜያለሁ። አንድ ቀን ሰውነቱን ለሚያሳክከው ሰው ሃይድሮክሲዚን ታዞ ሃይድራላዚን ቆጥሬ አሸግሁ። ስማቸው ይመሳሰላል፣ መደርደሪያ ላይም ጎን ለጎን ነበሩ፤ ሁለተኛው ግን የደም ግፊት የሚያወርድ ነው። ያስተዋለችው ፋርማሲስቷ ናት፤ እኔ የለጠፍኩትን ሳይሆን ማዘዣውን ከላይ ጀምራ ስለምታነብ። በዚያ ቀን የእሷን ምልክት እኔ አድርጌላት ቢሆንስ? እስከ ዛሬ ሳስበው ይቀዘቅዘኛል።

ኮምፒውተሩ ያሰላል አልሽ። የሚያሰላው የሰጠሽውን ነው። 0.5 የነበረው 5 ተብሎ ከገባ፣ ለ5 ንጹሕ ሌብል አትሞ ይሰጥሻል። ነጥቧ ስትደበዝዝ 1.0 እንደ 10 ስለሚነበብ እኮ ነው ከሙሉ ቁጥር ኋላ ዜሮ አትጻፊ የሚባለው። ማሽኑ ያወጣው ቁጥር አሥር እጥፍ መሆኑን ማየት የሚችለው ራሱ ማስላት የሚችል ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ፈተናው ስሌት ላይ ሲጥልሽ አልበደለሽም። በዚህ አልከራከርሽም።

የሚጠፋብሽ ነገር ግን የምታስቢውን ያህል ሩቅ አይደለም። 1 በመቶ ማለት በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 1 ግራም ነው፤ በ1 ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ስታቀጥኚ የሚጨመረው ውሃ ነው፤ መድኃኒቱ የነበረው ያህል ነው። ባለ 10 በመቶ 100 ሚሊ ሊትር ካለሽ በውስጡ 10 ግራም አለ። ያው 10 ግራም 2 በመቶ እንዲሆን 500 ሚሊ ሊትር ውስጥ መገኘት አለበት፤ 400 ጨመርሽ ማለት ነው። ቀመር ከመሸምደድሽ በፊት ሁልጊዜ «ስንት ግራም አለ?» ብለሽ ጀምሪ።

አልተፈጠርኩም ላልሽው፦ ማንም ሳያዝሽ የፍሪጅ ሙቀት ጠዋትና ማታ ታያለሽ። እኔ ስሠራ ይህን የሚያደርግ ሰው ፈልጌ የማጣበት ጊዜ ብዙ ነበር። ሦስተኛውን ተቀመጪ፤ እናትሽ ልክ ናቸው።

ነገ ወረፋው ሲረዝም ለፋርማሲስቱ «ቦታውን ባዶ ትቼልዎታለሁ፣ ሲያዩት ይሙሉት» በያቸው። ቢቆጡ ይቆጡ። ያችን ልጅ ደግሞ አታኩርፊያት። መድኃኒቱ የት እንዳለ አሳይተሻታል፤ አሁን መቶኛውን ታሳይሽ።