ዓይንህን አትውቀስ፣ ክንድህን እየው

የፑል ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ ብዬ ነበር። ከደሴም ከኮምቦልቻም ጻፋችሁልኝ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ሁሉንም ለመመለስ ቦታው ስለማይበቃ አራቱን መርጫለሁ። አብዛኛው ደብዳቤ ዞሮ ዞሮ አንድ ጥያቄ ነው፦ ለምን እስታለሁ? ስለዚህ የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንዴት ሰነበቱ? የምኖረው ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ፑል ከጀመርኩ ሦስት ዓመት አልፎኛል። የት መምታት እንዳለብኝ በደንብ አያለሁ፣ ግን ቀጥታ የሆነች ኳስ ሳትቀር ቀዳዳው አፍ ላይ ደርሳ ትመለስብኛለች። አብዛኛውን ጊዜ የምስተው በአንድ በኩል ነው። ዓይኔ ይሆን እንዴ? መነጽር ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አብሽር። ሌላ ነገር ስታይ ካልደበዘዘብህ በቀር መነጽሩን ተወው። ሁልጊዜ በአንድ በኩል የምትስት ከሆነ ምክንያቱ አንድ ነው ማለት ነው፣ አንድ ምክንያት ደግሞ ይታረማል። ከደብዳቤህ እንደገባኝ ማየቱ አላቃተህም። ያቃተህ ያየኸው ቦታ ላይ ማድረስ ነው።

መጀመሪያ ስህተቱ ምን ያህል ጥቃቅን እንደሆነ ልንገርህ። የፑል ኳስ ስፋቷ 57 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በስቲክ፣ ማለትም በመምቻው ዘንግ፣ የምንመታት ነጯ ኳስ 1 ሜትር ርቃ ወደቆመች ሌላ ኳስ ስትሄድ በ1 ዲግሪ ብቻ ብትስት፣ እዚያ ስትደርስ 17 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ጎን ሸሽታለች። የተመታችው ኳስ ግን ከመስመሯ ከ15 ዲግሪ በላይ ትወጣለች። አየህ? አንዷ ዲግሪ ኳሷ ላይ ስትደርስ ከ15 በላይ ሆነች። ለዚህ ነው ቀጥታ ኳስ ቀላል መስላ ሰው የምታበሳጨው።

አሁን ራስህን ፈትን። ነጯን ኳስ ብቻዋን ጠረጴዛው መሀል መስመር ላይ አስቀምጣትና ልክ መሀሏን መትተህ ፊት ለፊት ወዳለው ጠርዝ ላካት። ነጥራ ስትመለስ የስቲክህን ጫፍ መንካት አለባት። እዚህ ላይ ሌላ ኳስ የለም፣ ቀዳዳም የለም፣ ስለዚህ ዓይኔ ነው ማለት አትችልም። ጠረጴዛው ወደ አንድ ጎን ያላዘነበለ ሆኖ ሳለ ወደ ግራህ ከተመለሰች ከመሀሏ ወደ ግራ ነው የመታሃት። ወደ ቀኝ ከመጣችም እንደዚያው። አሥር ጊዜ ሞክርና ቁጠር።

ሁለተኛው ፈተና ቤትህም ይሠራል። ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ አጋድም፣ ስቲኩን በአፉ ጥቂት እያስገባህ እያወጣህ የመምታቱን እንቅስቃሴ ተለማመድ። የስቲክ ጫፍ ብዙ ጊዜ ከ11 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ነው፣ የጠርሙሱ አፍ ደግሞ ከዚያ ብዙም አይሰፋም። ክንድህ ትንሽ ከተጣመመ ጠርሙሱ ሲንቃጨል ትሰማዋለህ። ድምፅ ሳይሰማ ሃያ ጊዜ እስኪሆንልህ ድረስ ቀስ ብለህ ሥራው።

እኔ ለዓመታት ዓይኔን ስወቅስ ነው የኖርኩት። አንድ ቀን ፒያሳ ስንጫወት ጓደኛዬ ከኋላዬ ቆሞ በስልኩ ቀረጸኝ። ቪዲዮውን አዘግይተን ስናየው ስቲኩን ወደ ኋላ ስስበው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ልመታ ስል ግን ክርኔ ከጎኔ ይርቅና ጫፉ ወደ አንድ ወገን ይጠፋል። ያን ቀን ያየሁት ነገር እስከዚያ ከሰማሁት ምክር ሁሉ ይበልጥብኛል። አንተም ዛሬውኑ ከኋላና ከጎን አስቀርጽ።

ምን ታስተካክላለህ? ክርንህ በቦታው ይቆይ፣ ከክርን በታች ያለው ክንድህ ብቻ እንደ በር ማጠፊያ ይወዛወዝ። ስቲኩ ኳሷን በሚነካበት ቅጽበት ያ ክንድ ቀጥ ብሎ ወደ መሬት የተንጠለጠለ ይሁን። ወገብህ ክንድህን እንዳይገፋው እግርህን ከመስመሩ ትንሽ ፈቀቅ አድርግ። የስቲኩ መስመር ከአገጭህ ሥር ይለፍ። አንዳንዱ ሰው አንድ ዓይኑ ስለሚበረታ መስመሩ ወደዚያ ዓይን ትንሽ ሲጠጋለት ቀጥ ብሎ ይታየዋል፣ ሞክረህ የሚስማማህን ያዝ።

ከዚያ አያያዝህ። እናቶቻችን ቡና ሲቀዱ አይተሃል አይደል? የጀበናዋን ጆሮ አንቀው አይዙትም። ላላ አድርገው ይይዙና ቡናው በአንድ ቀጭን መስመር ከሲኒ ወደ ሲኒ ይወርዳል። እጃቸውን ቢያጠብቁት መስመሩ ይቆረጣል፣ አተላውም ይከተላል። ስቲኩንም እንዲያ ያዘው። ጨምቀህ ከያዝከው ልክ ልትመታ ስትል የእጅህ አንጓ ይዞርና ነገር ይበላሻል።

ወደ ኋላ ስበህ ስትጨርስ ለአፍታ ቁም። ያቺ አፍታ ትልቅ ነገር ናት፣ ዓይንህ ከነጯ ኳስ ተነስቶ ወደምትመታው ኳስ የሚሄደው ያኔ ነው። ከመታህ በኋላም ስቲኩ ወደፊት ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ቀጥ ብሎ ይለፍ እንጂ ነክቶ አይመለስ። ጭንቅላትህን ደግሞ ኳሷ ቀዳዳው ውስጥ ስትወድቅ እስክትሰማ ድረስ አታንሳ። ገባች አልገባች ብሎ ቶሎ ቀና ማለት የሁላችንም በሽታ ነው፣ ቀና ስትል ትከሻህም አብሮ ይነሳል።

በኃይል መምታቱንም ቀንስ። ቀስ ብላ የመጣች ኳስ የቀዳዳውን ጠርዝ ብትነካም ትወድቃለች፣ በጉልበት የመጣችውን ግን ቀዳዳው ይተፋታል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ነው የምሠራው። ከሥራ ስንወጣ ከባልደረቦቼ ጋር ፑል መጫወት ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ። ቀጥታዋን አስገባለሁ። በስሱ የምትመታዋ፣ ጎኗ ተነክታ የምትታጠፈዋ ላይ ግን ግራ ይገባኛል፣ አንዱ የኳሷን ጎን እዪ ይላል፣ ሌላው በስሜት ነው ይላል። ሴት ስለሆንኩ ደግሞ መካሪው ይበዛል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ መካሪውን አመስግነሽ ጠረጴዛውን ስሚ። ፑል ጉልበት አይጠይቅም፣ አንቺ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የማንም እንግዳ አይደለሽም።

ዘዴው ይሄውልሽ። ከቀዳዳው መሀል ተነስተሽ በምታስገቢያት ኳስ መሀል የሚያልፍ መስመር በሐሳብሽ አስምሪ። ከኳሷ ጀርባ፣ እዚያው መስመር ላይ፣ የምትነካት ሌላ ኳስ አለች ብለሽ አስቢ። ነጯ ኳስ ስትመታት ልክ ያቺ በሐሳብ የቆመችው ኳስ ቦታ ላይ መድረስ አለባት። የምታነጣጥሪው እንግዲህ የዚያችን ኳስ መሀል ነው፣ እሱም ከእውነተኛዋ ኳስ መሀል 57 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ይርቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ኳሷ ላይ መነካት ያለበትን ነጥብ ያይና ነጯን ወደዚያው ነጥብ ይልካል። እንደዚያ ሲሆን ነጯ ወፍራም ትመታለች፣ ማለትም ኳሷን ከሚገባው በላይ ትሸፍናታለች።

ለመለማመድ ጠረጴዛው ነፃ ሲሆን አንድ ትርፍ ኳስ ወስደሽ በእውነት ከምታስገቢያት ኳስ ጀርባ፣ መስመሩ ላይ አስጠጊያት። ከትርፏ ሥር የጥፍር ያህል ቁራጭ ወረቀት አድርጊና ትርፏን ኳስ አንሺ። አሁን ነጯን ወደ ወረቀቷ ላኪ። ወረቀቷ ላይ ስትደርስ ከኳሷ ጋር ትገናኛለች፣ ኳሷም ወደ ቀዳዳው ትሄዳለች። ቦታ እየቀያየርሽ ሠላሳ አርባ ጊዜ ብትሠሪው ዓይንሽ ወረቀቷን ያለ ወረቀት ማየት ይጀምራል። ያ ባልደረባሽ ስሜት ያለው ይሄንን ነው፣ ግን ስሜቱ የሚመጣው ከድግግሞሽ ነው።

አንድ መለኪያ በቃልሽ ያዢ። የነጯ መሀል የምትመታዋን ኳስ ጠርዝ እያየ ከሄደ፣ ማለትም ግማሿን ብቻ ከሸፈናት፣ ኳሷ 30 ዲግሪ ያህል ትታጠፋለች። ሦስት አራተኛዋን ከሸፈናት 14 ዲግሪ ገደማ፣ ሩቧን ብቻ ከነካት ደግሞ 49 ገደማ። ቀስ ብለሽ ስትመቺ ኳሶቹ ሲነካኩ ትንሽ ስለሚያያዙ እጥፋቱ ያንሳል፣ በተለይ ኳሶቹ ቆሻሻ ከሆኑ። ያኔ ትንሽ ሰስ አድርገሽ ምቺ።

ሌላው ትልቁ ነገር፣ የምታነጣጥሪው ቆመሽ ነው። መስመሩን ቆመሽ እዪ፣ ወስኚ፣ ከዚያ በመስመሩ ላይ ጎንበስ በዪ። ጎንበስ ካልሽ በኋላ ልክ አልመሰለኝም ብለሽ የፊት እጅሽን ብታንፏቅቂ ስቲኩ ይጣመማል። ካልተመቸሽ ቀና በዪና እንደገና ጀምሪ። ቢያጉረመርሙም ይጠብቁሽ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ የምመላለስ ሾፌር ነኝ፣ ሁለቱም ጋ እጫወታለሁ። ደሴ ላይ ኳሷ ትሞትብኛለች፣ የሀረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ስጫወት ደግሞ እየሮጠች ታልፈኛለች። ልማዴ ነው ወይስ ጠረጴዛው?

መልስ፦ ሁለቱም አይደል ጋሼ፣ ጠረጴዛው ላይ የተወጠረው ጨርቅ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2400 ሜትር በላይ ነው፣ ክረምት ላይ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም በረንዳ ላይ ያለ ጠረጴዛ ውስጥ ይገባል። ጨርቅ እርጥበት ሲይዝ ኳስ ቶሎ ይይዛል። ኮምቦልቻ ቆላ ቀመስ ነው፣ ጨርቁ ደረቅ ብሎ ይቆያል። ጨርቁ ያለቀና የሳሳ ከሆነ ደግሞ ይብስ ይሮጣል። ስለዚህ አመታትዎን አይቀይሩ፣ መጠኑን ብቻ ይቀይሩ። ጨዋታ ከመጀመርዎ በፊት ነጯን ሁለት ሦስት ጊዜ ጠርዝ ለጠርዝ ልከው የት እንደምትቆም ይዩ። በዚያው አንዷን በጣም ቀስ አድርገው ይልቀቋት፣ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለች እግሩ ሥር ካርቶን ይጨመርበት ብለው ባለቤቱን ይጠይቁ። ኳሶቹንም በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ማድረቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ጨዋታው ግን ሌላ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የራሴን ስቲክ ልግዛ ወይስ የቤቱ ይበቃኛል? (ከደሴ)

መልስ፦ ስድስት ወር በቋሚነት ከተጫወትክ ግዛ። የራስህ ስቲክ ሲኖርህ ክብደቱና ጫፉ አይቀያየርብህም፣ ክንድህም ይለምደዋል። የተለመደው ርዝመት 147 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ክብደቱ ደግሞ ከ510 እስከ 595 ግራም፣ እኔ ለጀማሪ መሀሉን እመርጣለሁ። የቤቱን ከተጠቀምክ ጠረጴዛ ላይ አንከባለው፣ ጫፉ ከፍ ዝቅ ካለ ጎብጧልና ሌላ አንሳ። ጫፉ ላይ ያለው ቆዳ ጠፍጣፋ ሆኖ ካበራ ቾክ አይይዝም፣ ያንሸራትትሃል። ቾኩን ደግሞ ከእያንዳንዱ ምት በፊት በስሱ ቀባው። የራስህን ከገዛህ በኋላ ግድግዳ ላይ አስደግፈህ አትተወው፣ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይም አታሳድረው።